የፒና ባውሽ «የፀደይ መሥዋዕት» በአፍሪካ ተወዛዋዦች፦ ከአፈሩ እስከ ወንበሩ

በምትኖሩበት ከተማ ከመጣ ግቡ። ሥራው የሚፈጀው 35 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ለትኬቱ ዋጋ አጠረ የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚያ በላይ ቢረዝም ግን ተወዛዋዦቹም አይችሉትም፣ ተመልካቹም አይችለውም።

ይህ የጀርመናዊቷ ኮሪዮግራፈር (የውዝዋዜ ደራሲ) የፒና ባውሽ ሥራ መጀመሪያ የታየው ዲሴምበር 3 ቀን 1975 ጀርመን ውስጥ በቩፐርታል ኦፔራ ቤት ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ የምንገመግመው ግን የፒና ባውሽ ፋውንዴሽን፣ ሴኔጋል ያለው የዳንስ ትምህርት ቤት ኤኮል ደ ሳብልና የለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቴአትር በጋራ ያቆሙትን ዝግጅት ነው። ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተመረጡ ከ30 በላይ ወጣት ተወዛዋዦች ይሠሩታል። በ2020 ዳካር ላይ ሊከፈት ተዘጋጅቶ ኮሮና አስቀረው፤ መድረክ ላይ የወጣው በ2021 ማድሪድ ነው። ከዚያ አደሌድን፣ ለንደንን፣ ፓሪስንና ኒውዮርክን አዳርሷል።

ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይቻላል። በጥንት ሩሲያ ያለ አንድ ጎሣ ምድሪቱ እንድታፈራ መሥዋዕት ያቀርባል፤ መሥዋዕቷም እስክትሞት ድረስ እንድትጨፍር የተመረጠች ልጃገረድ ናት። ሙዚቃው የኢጎር ስትራቪንስኪ ነው። ታሪኩን ከሠዓሊው ከኒኮላይ ሮሪክ ጋር አወጣው፤ ቫስላቭ ኒዢንስኪ ውዝዋዜውን ሠራለት፤ ሜይ 29 ቀን 1913 ፓሪስ ውስጥ በሻንዜሊዜ ቴአትር ታየ። የዚያን ዕለት ታዳሚው ከመጮኹ የተነሣ ኒዢንስኪ ከመጋረጃ ጀርባ ወንበር ላይ ቆሞ ለተወዛዋዦቹ የሙዚቃውን ምት በጩኸት ይቆጥርላቸው ነበር። ባውሽ ከዚያ ሁሉ ያስቀረችው ጥቂቱን ነው። ሽማግሌዎቹን፣ የድብ ለምዱን፣ ባለጥልፉን የሱፍ ቀሚስና የተሣለውን ኮረብታ በሙሉ አውጥታ ጣለች። የቀሩት ጥቁር ሱሪ ብቻ የለበሱ ወንዶች፣ ስስ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ አንድ ቀይ ልብስና አፈር ናቸው።

አፈሩ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዝግጅቱ የሚሳካውም የሚበላሸውም በእሱ ነው።

የመድረክ ንድፉ የሮልፍ ቦርዚክ ነው። ወለሉን የሚሸፍነው ፒት የሚባለው አፈር ነው፤ ረግረግ ላይ የተከማቸ ዕፅዋት በዘመናት ብዛት በስብሶ የሚሠራው ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ክሩ የሚታይ አፈር። የአትክልት ችግኝ የሚያፈላ ሰው ያውቀዋል። ምሽቱ የሚጀምረው በሌላ አጭር ሥራ ነው፤ አፈሩ የሚፈስሰው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዕረፍት ላይ ነው፤ መጋረጃው ሳይዘጋ። ሠራተኞች መጀመሪያ ትልቅ ሸራ ይዘረጋሉ። ቀጥለው ባለ ጎማ ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች እየገፉ ይመጡና ይገለብጣሉ። ከዚያ ክምሩን በአካፋና በሬክ እየበተኑ ያስተካክላሉ። ለመጠጥ ሰልፍ ብላችሁ ይህን እንዳታልፉት። ከባዱን ነገር ዓይናችሁ እያየ ሲሸከሙት፣ ሲደፉትና ሲያለሰልሱት በኋላ እዚያ ላይ የሚሮጠው ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ደግሞ እነዚያ ሠራተኞች የሚሠሩበት ፍጥነትና መናበብ ራሱ ትርኢት ነው።

የዚህ አፈር ጣጣ እርጥበቱ ነው። ከደረቀ ገና በመጀመሪያው ሩጫ አቧራው ተነሥቶ ዓይንና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ የመድረክ መብራት ደግሞ አቧራውን እንደ ጭስ አጉልቶ ያሳየዋል። ውኃ ከበዛበት ያዳልጣል፣ እግር ይይዛል፣ ከቀሚስ ጋር ተጣብቆ ይከብዳል። ውፍረቱም እኩል መሆን አለበት። ስስ በሆነበት በኩል እግር ሸራውን ያገኝና ይንሸራተታል፤ በተከመረበት በኩል ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። ተወዛዋዦቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ሮጠው ዘልለው በጉልበታቸው ይወድቃሉ፣ ወዲያው ተነሥተው እንደገና ይሮጣሉ። ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ሲረግጠው ወለሉ በየደቂቃው ቅርጹን ይለውጣል፤ ስለዚህ በልምምድ የለመዱት እርምጃ በዕለቱ እንዳለ አይገኝም። ይህ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ባውሽ የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ማንም እግሩን አምኖ ማስመሰል አይችልም።

ሌላም ጥቅም አለው። አፈሩ የኮቴ ድምፅ ይውጣል። እንጨት ወለል ላይ ሠላሳ ሰው ሲዘል የሚሰማው ጓጓታ እዚህ የለም፤ በምትኩ ሙዚቃው ረገብ ባለ ቁጥር ትንፋሽ ይሰማል። ከመሐል ጀምሮ ላብና አፈር ተደባልቀው ክንድ፣ ጀርባና ፊት ላይ ይለጠፋሉ። ንጹሕ ሆነው የገቡት ሴቶች ቀሚሳቸው መጨረሻ ላይ ቡናማ ነው። ሰዓት ሳታዩ ሥራው የት እንደደረሰ ከልብሳቸው ማወቅ ትችላላችሁ።

ወደ ሙዚቃው። ስትራቪንስኪ የጻፈው ወደ መቶ ለሚጠጋ ኦርኬስትራ ነው፤ ሆርን የሚባሉት የነሐስ ጡሩምባዎች ብቻ 8 ናቸው። የሚከፈተው ባሱን በሚባል አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ከለመደው በላይ ወጥቶ፣ ሰው ሲጨነቅ ድምፁ እንደሚቀጥነው ዓይነት። ያ መግቢያ ከ3 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ መድረኩ ላይ አንዲት ሴት ቀዩን ጨርቅ አንጥፋ ተኝታበታለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ክፍል ለመከተል አንድ ዘዴ እንንገራችሁ። ክሮቹ (ቫዮሊንና መሰሎቹ) አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል እኩል እየመቱ ሲጀምሩ እንዲህ ቁጠሩ፦ እስከ 9፣ እስከ 2፣ እስከ 6፣ እስከ 3፣ እስከ 4፣ እስከ 5፣ እስከ 3። ከመጀመሪያው በቀር አዲስ «አንድ» ባላችሁ ቁጥር ሆርኖቹ ይጮኻሉ። ሲደመር 32 ምት ነው፤ በወረቀት ላይ ተራ ባለሁለት ምት ሙዚቃ ይመስላል። ጆሮ ግን ቀጣዩ ጩኸት መቼ እንደሚመጣ መያዝ ያቅተዋል። ቤት ውስጥ በዩቲዩብ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁት ብትሄዱ መድረኩ ላይ የተወዛዋዦቹ ክርን ለምን በዚያች ቅጽበት እንደሚወርድ ይገባችኋል።

በሁለተኛው ክፍል፣ ልጅቷ ከተመረጠች በኋላ፣ ኦርኬስትራው ያለ ማቋረጥ 11 ጊዜ ይመታል። ቁጠሩት። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። ይህ ዝግጅት ሲዞር የሚሰማው ሙዚቃ የተቀዳ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየከተማው መቶ ሙዚቀኛ ማቆም ገንዘብ ያስጨርሳል፣ ከመድረኩ ፊት ይህን የሚያህል ኦርኬስትራ የሚይዝ ጉድጓድ ያለው ቴአትርም ጥቂት ነው። ቢሆንም የትልቁ ከበሮ ምት ከድምፅ ማጉያ ሲወጣ ደረት አይመታም፤ ከፍተኛው ድምፅ ደግሞ የአዳራሹ ስፒከር እስከቻለው ብቻ ነው። ስፒከሮቹ መጥፎ በሆኑበት አዳራሽ ባሱ ይፈነዳል፣ ክሮቹ ይጨፈለቃሉ። ኢንግሊሽ ናሽናል ባሌት ይህንኑ ሥራ በ2017 ለንደን ላይ ሲሠራ ኦርኬስትራው በአካል ነበር፤ በሙዚቃ ያ ይበልጣል። በውዝዋዜ ግን አይበልጥም፤ ምክንያቱን እንመጣበታለን። ከተቀዳው አንድ የሚገኝ ነገር አለ፤ ፍጥነቱ በየምሽቱ አንድ ነው። የተመረጠችው ልጅ ደክሟት ያየ የኦርኬስትራ መሪ ሙዚቃውን ቀስ ሊያደርግላት አይችልም፤ ሙዚቃው አይራራላትም።

አሁን እርምጃው። የሥራው ቁልፍ እንቅስቃሴ ይህ ነው፦ ሁለት እጅ ከራስ በላይ ይጣመራል፤ ጉልበት ወደ ውጭ ተከፍቶ በጣም ይታጠፋል፤ የተጣመረው እጅ በአንድ ምት ወደ ሆድ ይወርዳል፣ ክርኑ ጎድን ሥር ይሰነቀራል፤ ጀርባ ይኮማተራል። ራሱን በራሱ የሚወጋ ሰው ይመስላል። አንድ ሰው ብቻ ሲያደርገው ግራ ያጋባል። አሥራ ስድስት ሴት ተጠጋግታ፣ በአንድ ምት፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት አፈር ውስጥ ገብቶ ስታደርገው ግን አዳራሹ ዝም ይላል። እስክስታ እያየ ያደገ ዓይን ወዲያው የሚፈልገው ትከሻና አንገት ነው፤ በእኛ ውዝዋዜ እግር መሬቱን ረጋ ብሎ ይይዛል፣ ነገሩን ትከሻ ይናገራል። እዚህ ትከሻ የሚንቀሳቀሰው ሆድ ሲጎትተው ነው። ስለዚህ ከፊት ይልቅ ጀርባቸውን ተመልከቱ፤ አከርካሪው ሲጠማዘዝና ሲላቀቅ ሁሉም ነገር እዚያ አለ።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። የባሌት ሥልጠና ያላቸው ጓዶች ይህን ሥራ ሲወስዱ (ከቩፐርታል ውጭ መጀመሪያ የወሰደው በ1997 የፓሪስ ኦፔራ ባሌት ነው) አካላቸው ወደ ላይ መሳብ ስለለመደ ክርኑ ይወርዳል እንጂ ክብደቱ አይወርድም። የለንደኖቹም እዚህ ላይ ነው የሚያንሱት፤ ንጹሕና የሚያምር፣ ግን ቀላል። የኤኮል ደ ሳብሎቹ ኮንቴምፖራሪ ከሚባለው የምዕራቡ ዘመናዊ ውዝዋዜም፣ ከጎዳና ጭፈራም፣ ከየአገራቸው ባህላዊ ውዝዋዜም የመጡ ናቸው፤ ክብደትን ወደ መሬት መልቀቅ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ትምህርት ቤቱ ራሱ አሸዋ ወለል ያለው መለማመጃ አለው። በዚህ የተነሣ አሸዋ ወይም አፈር ላይ መሮጥ አዲስ አይሆንባቸውም። በሌላ በኩል ሥልጠናቸው ስለሚለያይ የአንድነቱ ንጽሕና አንዳንዴ ይጎድላል፤ ክርኖቹ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት አይወርዱም፣ ጥቂቶቹ ቀድመው ወይም ዘግይተው ይደርሳሉ። በእኛ ግምት ይህ አይጎዳም። የፈራ ሕዝብ እንደ ወታደር ሰልፍ አይንቀሳቀስም።

«አፍሪካውያን ስለሠሩት መሥዋዕቱ ወደ ሥሩ ተመለሰ» የሚል ወሬ ስትሰሙ አትቀበሉት። ታሪኩ አንድ ሩሲያዊ ሙዚቀኛና አንድ ሩሲያዊ ሠዓሊ ስለ ጥንቱ የስላቭ አምልኮ ያሰቡት ነው፤ ውዝዋዜው ጀርመን ውስጥ በአንዲት ጀርመናዊት ተሠራ። ከአፍሪካ አምልኮ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አልባሳቱም እርምጃውም አልተለወጠም። የባውሽ ሰዎች ሴኔጋል ድረስ ሄደው እርምጃ በእርምጃ አስተምረዋቸዋል፤ ከአስተማሪዎቹ አንዷ ከባውሽ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሠራችው ጆሴፊን አን ኤንዲኮት ናት። ያልተለወጠ መሆኑ ነው ከአጉል ትርጓሜ ያዳነው። ባሕል ተብሎ ለቱሪስት የሚቀርብ አንድም ጌጥ የለበትም። የሚታየው ወንዶች ተሰብስበው አንዲት ሴት ሲመርጡና የቀሩት ሴቶች «እኔ አልሆንኩም» ብለው እፎይ ሲሉ ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ አህጉር ጉዳይ አይደለም።

ቀዩን ልብስ እንዳታጡት። መጀመሪያ መሬት ላይ የተነጠፈ ጨርቅ ነው፤ ሴቶቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይሸሹታል። እሳት እንደያዘ ሰው ነው የሚያቀባብሉት። በሁለተኛው ክፍል አንድ በአንድ ይዘውት ወደሚመርጠው ሰውዬ ይጠጋሉ፣ ይፈራሉ፣ ይመለሳሉ። ከላይ ሆናችሁ የምታዩ ከሆነ ቀዩ ነጥብ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ቀላል ነው፤ ከታች ግን ሰው ይጋርደዋል። የመጨረሻው ብቸኛ ውዝዋዜ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሚናው በተለያየ ምሽት ለተለያየች ተወዛዋዥ ሊሰጥ ስለሚችል የአንዱ ምሽት ግምገማ ለሌላው አይሠራም። መለኪያው አንድ ነው፦ ድካሙን ቀድማ መተወን የጀመረች ተበልታለች። በሙሉ ጉልበት ጀምራ ሰውነቷ ራሱ እስኪከዳት የጠበቀች ናት የምታስደነግጠው።

ዝግጅቱ ሲከፈት የምሽቱ የመጀመሪያ ክፍል የነበረውን በአጭሩ እንለፈው። «ኮመን ግራውንድስ» የሚባል ለሁለት ሴቶች የተሠራ ሥራ ነው፤ ሠሪዎቹም ተወዛዋዦቹም የኤኮል ደ ሳብል መሥራች ዠርሜን አኮኒና የባውሽ የቀድሞ ተወዛዋዥ ማሉ ኤሮዶ ናቸው። ሁለቱም ሥራው ሲከፈት ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው፣ ረጅም በትር ይዘው ይጀምራል፤ ቀስ ይላል፣ ብዙ አይናገርም። የአኮኒ አቋም ብቻውን መታየት ያለበት ነው፤ በ2021 የቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራዋ የወርቅ አንበሳ የሰጣት በከንቱ አይደለም። ሥራው ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊያስኬድ የሚችል ነገር የለውም። ሆኖም ቀድማችሁ ግቡ፤ የዘገየ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ውጭ ሊቆይ ይችላል፣ በዕረፍቱ የሚካሄደው የአፈሩ ሥራም ሊያመልጠው ይችላል። ሁለቱ ሥራዎች ከነዕረፍታቸው ሁለት ሰዓት አይሞሉም።

ወንበር ስትመርጡ የመጀመሪያው ፎቅ የፊት ረድፎች ከሁሉ ይሻላሉ። ተወዛዋዦቹ የሚሠሩትን ክብ፣ የቡድኖቹን መጋጨትና አፈሩ ላይ የሚቀረውን ዱካ ከዚያ ነው ማየት የሚቻለው። ከመድረኩ ሥር ያሉት ወንበሮች ትንፋሹንና የአፈሩን ሽታ ይሰጣሉ፤ አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው ግን ራቅ ይበል። የጎን ወንበሮች ርካሽ ቢሆኑም አይመከሩም፤ ወሳኝ የሆኑ ነገሮች በመድረኩ ጥግ ይፈጸሙና የማይታዩ ይሆናሉ። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው፦ ደም የለም፣ ቢላ የለም፣ ፍርሃቱ ግን ከባድ ነው፤ መጨረሻ ላይም የተመረጠችው ልጅ ልብስ ከትከሻዋ ወርዶ ጡቷ ይታያል።

መድረኩን ለማያገኝ ሰው ፊልሙ አለ። የዳካሩ ዝግጅት ሲሰረዝ 38ቱ ተወዛዋዦች ወደ ቤታቸው ከመበተናቸው በፊት የመጨረሻ ልምምዳቸውን ቱባብ ዲያላው በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተቀረጹ። ከመድረኩ ጋር አንድ ሥራ ቢሆንም ውጤቱ ሌላ ነው። አሸዋ ሰውነት ላይ አይለጠፍም፤ ሲደርቅ ይራገፋል። ስለዚህ ያ የቀሚሱ መቆሸሽ የለም፤ ልቡን ያጣ ያህል ይሰማል። በምትኩ ብርሃኑ ራሱ ጊዜ ይቆጥራል፤ ሥራው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ሰማዩ ይጠቁራል። የመድረክ ግድግዳ ስለሌለ ደግሞ ልጅቷ ሮጣ ልታመልጥ ትችል ነበር፤ አለመሸሿ የበለጠ ያስጨንቃል። በስልክ አትዩት፤ ካሜራው ራቅ ሲል ተወዛዋዦቹ ጉንዳን ያህላሉ። ቴሌቪዥን ላይ፣ በጥሩ ስፒከር ወይም በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።

ይህ ሙዚቃ ከአዲስ አበባ ጋር የሚገናኝበት አንድ መንገድ አለ። ብሪታኒያዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም በ1996 አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የዳንስ ሥራ ሠርቶ ነበር፤ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። ይኸው ሰው በ2003 በርሊን ላይ የስትራቪንስኪን ሙዚቃ ከ250 ተማሪዎች ጋር ሠራው፤ ሲጫወት የነበረው በሳይመን ራትል የሚመራው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ነው። ሥልጠና የሌለው ልጅ ይህን ቁጥር ሊይዝ አይችልም ለሚል ሰው መልሱ እዚያ አለ።

የባውሽ ከበዳችሁ ወይም የተለየ ነገር ከፈለጋችሁ የደቡብ አፍሪካዊቷን የዳዳ ማሲሎን «መሥዋዕት» ፈልጋችሁ እዩ። ማሲሎ በ2024 መጨረሻ፣ ገና በ39 ዓመቷ አርፋለች፤ ሥራው የ2021 ነው። በባውሽ ሥራ ተነሣሥታ ስትሠራው ስትራቪንስኪን ጨርሳ ተወችው፤ መድረኩ ላይ ቫዮሊን፣ ኪቦርድና ከበሮ በአካል ይጫወታሉ፣ አን ማሲና ትዘፍናለች። እርምጃው ትስዋና የሚባለው የደቡባዊ አፍሪካ ሕዝብ ውዝዋዜ ነው፤ ፈጣን እግር፣ ጭብጨባ፣ መሐል ላይ ቀልድም አለበት። እዚያ ልጅቷ ብቻዋን አትሞትም፤ የእናትነት ድምፅ አብሯት ነው። በጭካኔ ከባውሽ ያንሳል፣ በለቅሶ ይበልጣል። ሁለቱንም የማየት ዕድል ያለው የባውሽን ያስቀድም፤ ማሲሎ የትኛውን ነገር ሆን ብላ እንደገለበጠችው የሚገባው ያኔ ነው።